የድሮ አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ መርጦ መግዛት

ሜዳ ላይ በሚዘረጋ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ጥሩ የቤት ጨርቅ ሳይገዛ የሚቀረው በአብዛኛው በእድፍ ምክንያት ነው። ገዢ ቢጫ ነጠብጣብ ያይና ያልፋል። ትንሽ አለፍ ብሎ ደግሞ የታጠበውን፣ የተተኮሰውን፣ ነገር ግን ሁለት ጊዜ ታጥቦ የሚተረተረውን ጥሩ ዋጋ ከፍሎበት ይሄዳል። እድፍ ብዙውን ጊዜ ይለቃል፤ የሳሳ ክር ግን መልሶ አይወፍርም። ስለዚህ ጨርቅ ሲያነሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ንጽሕናው ሳይሆን ጉልበት አለው ወይስ አልቋል ብለው ነው።

የሚያዝ ነገር

ሦስት ሜትር የሚደርስ መለኪያ ያስፈልጋል፤ የልብስ ሰፊው 150 ሴንቲ ሜትር ለአንሶላ አይበቃም። ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር፣ በትንሽ ጠርሙስ ውሃ፣ ንጹሕ ነጭ የጥጥ እራፊ፣ አፉ ጠብቆ የሚታሰር የፕላስቲክ ከረጢትና ዝርዝር ገንዘብ ይያዙ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የፍራሽዎ፣ የትራስዎና የጠረጴዛዎ ልክ የተጻፈበት ወረቀት ነው። በዓይን ግምት የተገዛ የጠረጴዛ ልብስ ዞሮ ዞሮ መጋረጃ ይሆናል።

መቼ መሄድ፣ የት መፈለግ

ጎህ ሲቀድ፣ ሻጮች ዕቃ ከመኪና ሲያወርዱ መድረስ ይጠቅማል፤ ካርቶኑ ገና አልተበረበረም። ጉዳቱ የብርሃን ማነስ ነው። በባትሪ ሲታይ ነጭ ሁሉ ነጭ ይመስላል፤ ቢጫው የሚጋለጠው ፀሐይ ስትወጣ ነው። በጨለማ ያገኙትን ሻጩ ለይቶ እንዲያቆይልዎ ይጠይቁና ሲነጋ ደግመው ይዩት። ገበያው ሊበተን ሲል መምጣትም የራሱ ጥቅም አለው። ቀኑን ሙሉ ሲገላበጥ የዋለ ጨርቅ መልሶ ማጠፍ ሻጩን ይሰለቸዋል፤ ክምሩን በአንድ ዋጋ የሚያነሳለት ሰው ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ምርጡ ማለዳ ይወሰዳል፣ ብዛቱ ግን ማምሻውን ይገኛል።

ሻጭ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጨርቅ ብቻ ይሸጣል፤ አጥቦ፣ ተኩሶ፣ ልኩን በወረቀት ጽፎ ያቀርባል፣ የያዘውን ያውቃል፣ ዋጋውም እንደ እውቀቱ ነው። ለአንድ ለተለየ ፍላጎት፣ ለምሳሌ 12 አንድ ዓይነት ናፕኪን ለሚፈልግ፣ እሱ ዘንድ መሄዱ ይሻላል። ሌላው የአንድን ቤት ዕቃ ጠቅልሎ ገዝቶ የሚያራግፍ ነው። የዚህኛው ዓይን ያለው ወንበሩና ሰዓቱ ላይ ነው፤ አንሶላው ከጠረጴዛ ሥር በካርቶን፣ በአሮጌ ሻንጣ ወይም በቁም ሣጥን መሳቢያ ውስጥ እንደተቆለለ ይቀራል። ፍለጋው እዚህ ነው። ለሽያጭ የቆመ ቁም ሣጥን ካለ ሻጩን አስፈቅደው መሳቢያውን ይክፈቱ። የቤት ዕቃ የተሸፈነበትን፣ ብርጭቆና ሸክላ የተጠቀለለበትን ጨርቅም ይዳብሱ፤ ሻጩ እንደ መጠቅለያ የሚያየው ወፍራም የተልባ እግር አንሶላ አልፎ አልፎ እዚያ ይገኛል። የአንድ ስብስብ ናፕኪኖችም በተለያየ ካርቶን ይበታተናሉ፤ አንዱን ካገኙ ቀሪዎቹን እዚያው ሻጭ ዘንድ እስከ ታች ይፈልጉ።

ሊነን ነው፣ ጥጥ ነው ወይስ ሌላ?

ከተልባ አገዳ የሚሠራው ሊነን በእጅ ሲይዙት ቀዝቀዝ፣ ከበድ ይላል። ክሩ አንድ ወጥ አይደለም፤ ወደ ብርሃን ሲያዩት አንዱ ቦታ ወፈር፣ ሌላው ቀጠን ይላል። ቅዝቃዜው ግን ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ጠል በወረደበት ማለዳ ፖሊስተሩም ይቀዘቅዛል። የተሻለው ፈተና ጥግ ይዞ በጡጫ ለ10 ሴኮንድ መጨበጥ ነው። ሊነን ሹል ሹል መስመር ይዞ ይቀራል፣ ጥጥ ለስለስ ባለ መልኩ ይጨማደዳል፣ ፖሊስተር የበዛበት ደግሞ ወዲያው ይዘረጋል። ሻጩ ከፈቀደ አንድ ጠብታ ውሃ ጥግ ላይ ያድርጉ። ብዙ ጊዜ የታጠበ ሊነንና ጥጥ ወዲያው ይጠጣዋል፤ ሰው ሠራሽ ክር ያለበት ላይ ጠብታው ይንከባለላል። ሆኖም አሚዶ የተቀባ ወይም ጭራሽ ታጥቦ የማያውቅ ሊነንም ውሃ ሊመልስ ይችላል፤ ስለዚህ ጠብታው ካልገባ ቸኩለው አይፍረዱ።

ብዙ ሰው የሚታለልበት ጨርቅ መርሰራይዝድ ጥጥ ነው፦ በኮስቲክ ሶዳ ታክሞ እንዲያብረቀርቅ የተደረገ ጥጥ። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1890ዎቹ ወዲህ በስፋት ስለተሠራበት፣ በእውነትም የድሮ የሆነ፣ ደማስክ ሽመና (ሥዕሉ ከሽመናው ራሱ የሚወጣበት) ያለውና እንደ ሊነን የሚያብረቀርቅ የጥጥ የጠረጴዛ ልብስ ሞልቷል። የተተረተረ ጠርዝ ካለ አንድ ክር ስበው ይበጥሱና ጫፉን በማጉያ ይዩ። የሊነን ክር ሲበጠስ ጫፉ ደረቅ፣ ቀጥ ያለ፣ ሹል ይሆናል፤ የጥጡ ተጠቅልሎ ይንጨባረራል። ክር ማቃጠል ቤት ገብቶ የሚደረግ ፈተና ነው። በወረንጦ ይዘው በብረት ሳህን ላይ ሲለኩሱት ሊነንም ጥጥም እንደ ወረቀት እየሸተተ ይነድና ለስላሳ ግራጫ አመድ ይተዋል፣ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ደረቅ ጥቁር እንክብል ይሆናል። ይህ ፈተና ሰው ሠራሹን ይለያል እንጂ ሊነንን ከጥጥ አይለይም።

ጥጥ ማለት መናኛ ማለት አይደለም፤ ለትራስ ልብስና ለፎጣ ጥሩ የድሮ ጥጥ ለቆዳ ይበልጥ ይለሰልሳል። ስህተቱ በሊነን ዋጋ መግዛቱ ነው። መጠንቀቅ የሚገባው ከሬዮን፣ ከእንጨት በፋብሪካ ከሚሠራው ክር፣ ነው። እንደ ሐር የሚያንሸራትት፣ ጫፉ ዘርፋማ የሆነ የጠረጴዛ ልብስ ብዙ ጊዜ ሬዮን ይሆናል፤ ውሃ ሲነካው በጣም ይደክማል፣ በእርጥቡ ሲጨመቅ ይቀደዳል። ሊነንና ጥጥ ግን ሲርሱ ይበልጥ ይጠነክራሉ።

ደማስክን ለመለየት ጀርባውን መገልበጥ ይበቃል። ሥዕሉ በሽመና የወጣ ስለሆነ በፊት ያበራው በኋላ ይደበዝዛል፣ የደበዘዘው ያበራል። ጀርባው ባዶ ከሆነ ሥዕሉ የታተመ ነው።

ዕድሜውን ከስፌቱ ማንበብ

የማጠቢያ ምልክት ያለው መለያ ከተሰፋበት ጨርቁ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ ያለ ነው ማለት ይቻላል። ፖሊስተር ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ስለሆነ፣ ክሩ ፖሊስተር ከሆነ ከዚያ በፊት የተሠራ ሊሆን አይችልም። የመኪና ስፌት ቤት የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። በእጅ የተቀመቀመ ጠርዝ ግን ብቻውን ጥንታዊነትን አያረጋግጥም፤ በእጅ መቀምቀም ከዚያ በኋላም አልቀረም። አንዳንዶች ወይንጠጅ የሚያበራ የዩቪ ባትሪ ይይዛሉ። የዘመኑ ሳሙና የሚጨምረው ማንጫ በዚያ ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ ይሁንና የመቶ ዓመት አንሶላም ትናንት በዘመናዊ ሳሙና ከታጠበ ያበራል። መሣሪያው ብዙ አይረዳም፤ ገንዘቡን ጥሩ ማጉያ ላይ ማዋል ይሻላል።

ጥልፍን ከጀርባ ይዩት። የእጅ ጥልፍ ጀርባው የክር አነሳስና አጨራረስ ይታይበታል፣ ቋጠሮው ወይም የተሸጎጠው ጫፍ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በመኪና የተጠለፈው ከሥር አንድ ዓይነት ነጭ ክር ይሮጥበታል፣ ተደጋጋሚው አበባም እስከ መጨረሻው ስፌት ድረስ አንድ ነው። ከስም ፊደላት ሥር ትንንሽ ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ በቀይ ክር፣ ከተጠለፈ ባለቤቶቹ አንሶላውን በተራ ለመጠቀምና ስብስቡን ለመቁጠር ያደረጉት ነው። በአንድ ካርቶን ውስጥ 3፣ 4 እና 7 ካገኙ ሌሎቹም ሩቅ አይደሉ ይሆናል።

ድሮ ሽማኔው በጠባብ ዕቃ ይሠራ ስለነበር ሰፊ አንሶላ የሚገኘው ሁለት ቁራጭ መሐል ላይ ተጋጥሞ ነው። መሐሉ የተሰፋ አንሶላ ታዲያ ወይ ሲጀመርም እንዲሁ የተሠራ ነው፣ ወይ መሐሉ ሲሳሳ ለሁለት ተቀዶ፣ ዳርና ዳሩ ወደ መሐል ዞሮ የተሰፋ ነው። ሁለቱን የሚለየው የውጭው ጠርዝ ነው። የሽመናው የራሱ ዳር ከሆነ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ተቆርጦ የተቀመቀመ ከሆነ ግን አንሶላው ዞሯል፤ የሳሳው ክፍል አሁን በግራና በቀኝ ዳር ነው። በዳሩ በኩል ፍራሽ ሥር ስለሚገባ ለመተኛት ያገለግላል፣ ዋጋው ግን መቀነስ አለበት።

ወደ ሰማይ አንስቶ ማየት

ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጉ አይግዙ። ተጣጥፎ የተደረደረ ጨርቅ ጥሩውን ፊት ወደ ላይ አድርጎ ነው የሚቀመጠው። «12 ናፕኪን» የተባለውንም አንድ በአንድ ይቁጠሩና ይክፈቱ። ከዚያ ፀሐይን ወይም ብሩህ ሰማይን ከጀርባው አድርገው በሁለት እጅ ከፍ ያድርጉት። ደህናው ቦታ እኩል ጥላ ይኖረዋል፤ የሳሳው እንደ ወንፊት ብርሃን ያሳልፋል። አንሶላ የሚያልቀው ትከሻና ዳሌ በሚያርፍበት መሐሉ ላይ ነው፤ የጠረጴዛ ልብስ ደግሞ በጠረጴዛው ጠርዝና ማዕዘን ላይ፤ ፎጣ በማንጠልጠያው አካባቢ።

ዋናው ጠላት የእጥፋት መስመር ነው። ለዓመታት በአንድ መስመር ታጥፎ፣ ከነአሚዶው ተተኩሶ የቆየ ጨርቅ በዚያው መስመር ላይ ይሰበራል። መስመሩን በጣት እየተከተሉ በብርሃን ይዩ። ቀጥሎ ሁለቱን አውራ ጣቶች 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አራርቀው በቀስታ ሳብ ያድርጉ፣ አንዴ በድሩ አቅጣጫ፣ አንዴ በማጉ። ደህና ጨርቅ ይወጠራል እንጂ ድምፅ የለውም። ጥቃቅን የመበጠስ ድምፅ ከተሰማ መልሰው ያስቀምጡት፤ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር በውሃ ክብደት ይሄዳል። ድሩ ጠንካራ ሆኖ ማጉ ብቻ ያለቀበት ጊዜም አለ፣ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሳበው ለዚህ ነው።

የተጠገነ ጨርቅ አያስፈራዎ። በቀጭን ክር ተሸምኖ የተደፈነ ትንሽ ቀዳዳ ጨርቁ ባለቤት እንደነበረው ያሳያል፣ ብዙ ጊዜም ከዙሪያው ይበልጥ ይጸናል። የሚፈተሸው ጥገናው ሳይሆን ዙሪያው ነው፦ ጠንካራ እራፊ የሳሳ ጨርቅ ላይ ከተሰፋ በስፌቱ ዳር ይቀደዳል።

ዳንቴል ሲሆን እያንዳንዱን ማያያዣ ክር በጣት ያንቀሳቅሱ። ኪሮሽ የእጅ ሥራ ነው፣ አንድ ዓይን ብትለቅም ቶሎ ከተያዘች ትጠገናለች። ዳንቴሉ ከጨርቁ ጋር የተገጠመበት ስፌት መልቀቁ ትልቅ እንከን አይደለም፤ ዳንቴሉ ራሱ እንደ ደረቅ ቅጠል የሚንኮታኮት ከሆነ ግን ይተዉት።

እድፉን መለየት

በእጥፋቱ ላይ የሚታይ ቢጫና ሳስ ያለ ቡናማ መስመር በእርጅና፣ በቀረ ሳሙናና በእንጨት መደርደሪያ አሲድ የሚመጣ ነው፤ አብዛኛው በመዘፍዘፍ ይለቃል። የሻይ፣ የቡናና የወይን ጠጅ እድፍም ተስፋ አለው። ጠርዙ የተለየ፣ ብርቱካንማ ቡናማ ነጠብጣብ፣ በተለይ መርፌ ቁልፍ ወይም የብረት ማንጠልጠያ በነካው ቦታ፣ ዝገት ነው፤ የራሱ መድኃኒት አለው፣ በቆየ ቁጥር ግን ክሩን እየበላ ይሄዳል። አሮጌ ቅባት ደርቆ ቢጫ ከሆነ ይደበዝዛል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

የማይገዛው ሁለት ነው። አንደኛው እንደ በርበሬ የተረጨ ጥቁር የሻጋታ ነጥብ፤ ቀለሙ ክሩ ውስጥ ስለሚገባ አብዛኛውን ጊዜ አይለቅም፣ ሽታውም የቀሩትን ጨርቆች ይበክላል። አፍንጫ ከዓይን ይቀድማል፣ ካርቶኑን ሲከፍቱ መጀመሪያ ያሽቱ። ሁለተኛው በካውያ የተቃጠለ ጥቁር ቡናማ ምልክት ነው። ፈዘዝ ያለው ቢጫ ቃጠሎ ሊለቅ ይችላል፣ የጠቆረው ግን የሞተ ክር ስለሆነ ከታጠበ በኋላ ቀዳዳ ሆኖ ይወድቃል።

ባለ ቀለም ጥልፍ ካለበት ነጩን እራፊ አርጥበው በእያንዳንዱ ቀለም ላይ ለግማሽ ደቂቃ ይጫኑ። እራፊው ቀለም ከያዘ ጨርቁ የሚታጠበው በቀዝቃዛ ውሃ፣ ብቻውን፣ በፍጥነት ነው፤ ከታች የሚነገረው ሙቅ መዘፍዘፍ አይሆነውም።

ልክ

ለጠረጴዛ ልብስ በእያንዳንዱ በኩል ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር መውረጃ ይታሰባል፤ 90 በ150 ለሆነ ጠረጴዛ 140 በ200 ጥሩ ልክ ነው። ለአንሶላ የፍራሹን ወርድ፣ የሁለት ጎን ውፍረቱንና በየጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር መሸጎጫ ይደምሩ፤ ወርዱ 140፣ ውፍረቱ 20 ከሆነ 220 ያስፈልጋል። የዛሬ ፍራሽ ከድሮው ስለሚወፍር ብዙ የድሮ አንሶላ እዚህ ላይ ያጥራል፣ እንደ አልጋ ልብስ ወይም ከላይ እንደሚለበስ አንሶላ ግን ያገለግላል። ታጥቦ የማያውቅ፣ የፋብሪካ ወረቀቱ ያልተነሳ ሊነን በመጀመሪያው እጥበት እስከ 10 በመቶ ሊያጥር ስለሚችል ልክክ የሚለውን አይውሰዱ።

ዋጋ ላይ እንከኑን ሳያንቋሽሹ ማሳየት ይበቃል። ሻጩ ብዙ ጊዜ እድፉን ራሱ ስለሚፈራው የሚለቅ እድፍ ለገዢ ጥሩ የመደራደሪያ ነጥብ ነው። ነጠላ ከመጠየቅ ይልቅ አምስት ስድስት ለይተው «ለሁሉም የመጨረሻው ስንት ነው?» ማለት የተሻለ ውጤት አለው፤ ስብስቡ ውስጥ አንድ ሁለት ለእራፊ የሚሆን ቢኖርም አያከስርም።

ቤት ከገባ በኋላ

ከረጢቱን እንደታሰረ ከአልጋና ከምንጣፍ አርቀው ያቆዩት፤ ትኋን በአሮጌ ጨርቅ እጥፋት ውስጥ ይጓዛል። 60 ዲግሪ የሚችለው በዚያው ሙቀት ይታጠባል። የማይችለው ከነከረጢቱ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያንስ አራት ቀን ይቀመጣል።

መጀመሪያ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉ። የደረቀው ክር ውሃ ይጠጣል፣ አቧራውና አሚዶው ይወጣል፤ ውሃው ቡናማ ቢሆን አይደንግጡ፣ ደፍተው ይድገሙ። ከዚያ ለነጭ ሊነንና ጥጥ ሶዲየም ፐርካርቦኔት፣ ኦክስጅን የሚለቀው ማንጫ ዱቄት፣ ከ4 እስከ 5 ሊትር ለሚሆን ከ40 እስከ 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበጠብጣል። በቀዝቃዛ ውሃ ብዙም አይሠራም። ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ ኃይሉ ስለሚያልቅ እድፉ ከቀረ አዲስ ይበጥብጡ እንጂ በአሮጌው ውሃ አያሳድሩት። የተረፈውን በጠርሙስ ከድነው አያስቀምጡ፣ ጋዝ ይፈጥራል። ለሐርና ለሱፍ አይሆንም።

በረኪና ክሩን ያደክማል፣ ዝገትን ደግሞ ይበልጥ ያጸናዋል። ዝገት ያለበትን የሎሚ ጭማቂና ጨው ቀብተው ፀሐይ ላይ ያስጡ፣ ከደረቀ ያለቅልቁና ይድገሙ። ጠንከር ላለው ኦክሳሊክ አሲድ ይሠራል፤ መርዝ ስለሆነ ጓንት አድርገው፣ አየር ባለበት፣ መመሪያውን ተከትለው ይጠቀሙና ደጋግመው ያለቅልቁ። በረኪናን ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከማንኛውም አሲድ ጋር በፍጹም አይደባልቁ፤ የሚወጣው ክሎሪን ሳንባ ያቃጥላል።

ማለቅለቅ ላይ አይሰስቱ፤ ውሃው አረፋ አልባ እስኪሆን ሦስት አራት ጊዜ። የቀረ ሳሙና ካውያ ሲነካው ቢጫ ሆኖ ይመለሳል። እርጥብ ዳንቴልን በጫፉ አንጠልጥለው አያውጡ፤ ከሥሩ ፎጣ አስገብተው በሁለት እጅ ያንሱ፣ ሳይጠመዝዙ በፎጣ ጠቅልለው ይጫኑት። ሊነን ሳይደርቅ፣ ገና እርጥበት ሳለበት ነው የሚተኮሰው፤ ከደረቀ መስመሩ አይወጣም። ጥልፍ ወፍራም ፎጣ ላይ በፊቱ ተደፍቶ ከጀርባ ይተኮሳል።

ለማስቀመጥ አሚዶ አይቀቡ፣ ነፍሳት ይበሉታል፤ አሚዶው የሚቀባው ጨርቁ ሊዘረጋ ሲል ነው። በፕላስቲክ አይጠቅልሉት፤ በታጠበ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይሸፍኑትና ባዶ እንጨት እንዳይነካው ያድርጉ። እጥፋቱን በካውያ አይጫኑ፤ በየጥቂት ወሩም አውጥተው በሌላ መስመር ያጥፉት፣ ትልቁን የጠረጴዛ ልብስ ደግሞ ወፍራም የካርቶን ቱቦ በጨርቅ ሸፍነው ቢጠቀልሉት ይመረጣል።